የጂቡቲ መንገድና የእሳተ ገሞራ ጠጠር

ማዳበሪያ ለገበሬ የሚጠቅመው በዘር ወራት ሲደርስለት ነው፤ ዘር ካለፈ በኋላ የመጣ ማዳበሪያ ዕዳ እንጂ ረድኤት አይሆንም። ለኢትዮጵያ ገበሬ ከውጭ የሚመጣው ማዳበሪያ ደግሞ በአብዛኛው ከመርከብ የሚራገፈው በጂቡቲ ወደብ ነው። ስለዚህ ከጂቡቲ ከተማ ተነሥቶ በዲኪል በኩል እስከ ጋላፊ ድንበር ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋው መንገድ ደኅንነት የወደብ ነጋዴና የካሚዮን ነጂ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጎጃምና የአርሲ ገበሬም ጉዳይ ነው።

ብዙ ሰው መንገድን የሚመዝነው ከላይ በሚታየው አስፋልት ነው። ነገር ግን አስፋልት ልብስ ነው፤ የካሚዮኑን ክብደት የሚሸከመው ከሥሩ ያለው መሠረት ነው። መሠረቱ የላላ እንደ ሆነ አስፋልቱን በየዓመቱ መለጠፍ ከንቱ ወጪ ነው።

ለመሠረት የተመረጠው ነገር የተፈጨ ጠንካራ ድንጋይ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ድንጋይ ባሩድ፣ መፍጫ መኪናና ብዙ ነዳጅ ይጠይቃል፤ ካባው ከሥራው ቦታ ሲርቅም ዋጋው ይጨምራል። የጂቡቲ ምድር ግን በአብዛኛው እሳተ ገሞራ የወለደው ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. በአሳል ሐይቅ አጠገብ አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ መፈንዳቱ ይህ ሥራ ገና አለመቆሙን አሳይቷል። እሳተ ገሞራ ከሚተፋው ውስጥ ቀዳዳ የበዛበት፣ ቀላል፣ ቀይ ወይም ጥቁር ጠጠር ይገኛል፤ ይህም ያለ ባሩድ በዶማና በአካፋ ይቈፈራል።

ጠጠሩ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ቅንጣቱ በቀላሉ ይፈረከሳል፤ ደቃቅ አፈር ስለሚጐድለውም እርስ በርሱ አይያያዝም። መድኃኒቱ ግን ተገኝቷል። በስምጥ ሸለቆ ይህ ጠጠር የሞላላት ኢትዮጵያ ከብሪታንያ የመንገድ ምርምር ላቦራቶሪ ጋር በመተባበር ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ መርምራዋለች። ከዚያም ወዲህ በ2009 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ መሐንዲሶች መጽሔት የታተመ ጥናት ከዓለም ገናና ከጫሞ ሐይቅ አጠገብ የተወሰደውን ጠጠር ፈትኗል። በዚህም ለከባድ ጭነት መንገድ የተወሰነውን ጥንካሬ ለማግኘት ጠጠሩ ብቻውን ከመቶ 7 እጅ ሲሚንቶ ሲፈልግ፣ አስቀድሞ ከመቶ 12 እጅ ደቃቅ አፈር ቢቀላቀልበት 5 እጅ ሲሚንቶ እንደሚበቃው ታውቋል። እንግዲህ ሰባት ከረጢት ከሚፈጀው ሥራ ሁለቱ ከረጢት ይተርፋል ማለት ነው።

አንዳንድ ባለሙያዎች ጂቡቲ ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ሞልቷት ሳለ ልል ጠጠር መፈለግ ለምን ያስፈልጋል ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በክርክር ሳይሆን በሂሳብ ይገኛል። ካባው ቅርብ በሆነበት ስፍራ የተፈጨው ድንጋይ ይመረጥ፤ ጠጠሩ ቅርብ፣ ድንጋዩ ሩቅ በሆነበት ስፍራ ግን ሁለቱ በኪሎ ሜትር ወጪና በዕድሜ ይመዛዘኑ።

ጥንቃቄም ያሻል። በላቦራቶሪ የተገኘው ቍጥር የኢትዮጵያ ጠጠር ቍጥር ስለ ሆነ በጂቡቲ ያለው ጠጠር በየካባው ለራሱ ሊፈተን ይገባዋል። ከሁሉ በላይ የሚያሠጋው ጨው ነው። በሞቃትና በደረቅ አገር እርጥበቱ ሲተን ጨው ወደ ላይ ይወጣል፤ ከስስ አስፋልት ሥር ሲረጋም አስፋልቱን አንሥቶ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ለመቀላቀያ የሚሆነው ውሃና አፈር ጨው የሌለበት መሆኑ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት፤ በጂቡቲ ደግሞ ጣፋጭ ውሃ ውድ ነገር ነው።

ከሁሉ የሚሻለው በዋናው መንገድ ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ለሙከራ ለይቶ፣ ግማሹን በተፈጨ ድንጋይ፣ ግማሹን በተቀላቀለ ጠጠር ሠርቶ፣ አንዱ ካሚዮን ሁለቱን እንዲረግጥ ማድረግ ነው። ብዙ ጭነት የማያልፍባቸው የገጠር መንገዶች ግን ከዚያ በፊትም በጠጠሩ ሊጠቀሙ ይችላሉ። ለሙከራው የሚወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው። ሳይሞከር ቢቀር ግን የመንገዱ ጉድጓድ ዋጋ በጭነት ኪራይ ላይ ተጨምሮ፣ ወደብ አይቶ በማያውቀው ገበሬ ትከሻ ላይ ያርፋል።