7 ኪሎና የእናት ቆሎ

ከመካነ ሰላም ተነስተን ቦሌ ስንደርስ ሻንጣው የኛ ብቻ አይደለም፤ የእናት ቆሎ፣ የአክስት ቅቤ፣ የጎረቤት አደራ አለበት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ ለኢኮኖሚ ተሳፋሪ በእጅ የሚፈቅደው አንድ ሻንጣ፣ 7 ኪሎ ነው። ታዲያ ምኑ ይቀነስ?

እኛ ልብሱ እንላለን። ጂንስ የትም ይገዛል፤ የደጋው ገብስ ቆሎ ግን የትም አይገኝም። ቅቤና ማር ከ100 ሚሊ ሊትር ካለፉ በእጅ ሻንጣ አይገቡም። ፍተሻ ላይ የአክስትን ቅቤ ጥሎ ከመሄድ ቀድሞ ለቤተሰብ መንገር ይሻላል።

አደራውስ? ከፍተን ያላየነውን እሽግ አንቀበል። እምቢ ማለት ነውር ይመስላል፤ ግን በሰው አገር ፖሊስ የሚይዘው ባለሻንጣውን እንጂ አደራ ሰጪውን አይደለም። ቆሎውን ይዘን፣ ይሉኝታውን ትተን እንሂድ።