ትልቅ ማሽን ከመግዛት በፊት

በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከጦር ኃይሎች እስከ ዓለም ባንክ ባሉት ሱቆች፣ የዕቃ መዝገባቸውን ከደብተር ወደ ኮምፒዩተር ያዛወሩ ነጋዴዎች አሉ፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ዕቃው ሲበዛ ፍለጋው ይዘገያል፤ ደንበኛውም መጠበቅ ሲሰለቸው ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሻገራል። ለዚህ መድኃኒቱ ትልቅ ማሽን መግዛት የሚመስላቸው አይጠፉም። እኛ ግን ገንዘብ ከማውጣት በፊት መዝገቡን መመርመር ይገባል እንላለን።

የመዘግየቱ ምክንያት እንዲህ ነው። መዝገቡ «ዓይነት»፣ «አምራች»፣ «የተሠራበት አገር» የሚሉ ማጣሪያዎችን ሲያሳይ፣ በያንዳንዱ ስም ሥር ስንት ዕቃ እንዳለ ይቈጥራል። አገሮቹ 20 ቢሆኑ ቈጠራው ቀላል ነው። ነገር ግን የዕቃው መለያ ቍጥር በማጣሪያነት ቢገባ፣ 50,000 ዕቃ 50,000 መስመር ይሆናል፤ ከያንዳንዱም ፊት «1» ይጻፋል። ማሽኑ ይደክማል፤ ገዢውም አንዳች አይጠቀምም።

ስለዚህ አንደኛ፣ የማይደገም ቍጥር በቀጥታ ተጽፎ ይፈለግ እንጂ በዝርዝር አይውጣ። ሁለተኛ፣ ዋጋ «ከ1,000 እስከ 2,000 ብር» እየተባለ በመደብ፣ ቀንም በወር ይጠቃለል፤ ከአምራቾችም ብዙ ዕቃ ያላቸው ዐሥሩ ብቻ ይታዩ፤ ሌሎቹ ፈላጊው የስማቸውን መጀመሪያ ሲጽፍ ይምጡ። ሦስተኛ፣ ዕቃው በደረጃ ይከፈል። አስመጪዎች ይህን ከጉምሩክ ታሪፍ ያውቁታል፦ ምዕራፍ 87 ተሽከርካሪ፣ 8708 የተሽከርካሪ መለዋወጫ፣ 8708.30 ፍሬንና የፍሬን ክፍሎች ናቸው። በየደረጃው የሚታየው ጥቂት ስለሆነ ዓይንም ማሽንም አይደክምም።

አራተኛው የገዛ ፊደላችን የሚያመጣው ነው። «ፀሐይ» የሚለው ስም በጸና በፀ፣ እንዲሁም በሀ፣ በሐና በኀ ሲቀያየር 6 ዓይነት ይጻፋል። እኛ አንድ ሰው ነው ብንልም ማሽኑ ስድስት ሰዎች ናቸው ይላል፤ የአንዱ ደንበኛ ዱቤም በስድስት ስፍራ ተበታትኖ ሳይሰበሰብ ይቀራል። እንግዲህ ስሙ በደረሰኝ ላይ ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይቀመጥ፤ ለፍለጋ ግን ሞክሼ ፊደላቱ ወደ አንድ የተመለሱበት ሁለተኛ ዓምድ ይዘጋጅ።

ይህ የባለሙያ ሥራ እንጂ የነጋዴ አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። ዓምዱን የሚሠራው በእርግጥ ባለሙያው ነው። ነገር ግን ገዢው ምን ብሎ እንደሚጠይቅ፣ የትኛውም ስም ከየትኛው ጋር አንድ እንደሆነ የሚያውቀው፣ ከመደርደሪያው ፊት የሚውለው ባለሱቅ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ መዝገቡን ይግለጥ፤ ማሽን የሚያስፈልግ ቢሆን ያን ጊዜ ይገዛል።