የመንገድ መብራትና የጊዜው ልክ

መንገድ ለሁሉ የተሠራ ነውና ሥርዓቱም ለሁሉ የተካከለ ሊሆን ይገባል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1914 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በክሊቭላንድ ከተማ በመስቀለኛ መንገድ የቆመውን የኤሌክትሪክ መብራት ፖሊስ በእጁ ይለውጠው ነበር፤ ኋላ ግን ሥራው ለሰዓት መኪና ተሰጠ። የሰዓቱም ልክ መወሰድ የሚገባው ከደካማው እርምጃ ነው። በሴኮንድ 1 ሜትር የሚራመድ ሽማግሌ 12 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ ለመሻገር 12 ሴኮንድ ያሻዋል፤ 8 ብቻ ቢሰጠው መብራቱ በመካከል ሳለ ይለወጥበታል።

እንግዲህ በጎንደር ከተማ፥ ገበያተኛው ከነአህያው በሚያልፍበት መንገድ፥ መብራት የሚያቆም ሹም አስቀድሞ እግረኛውን ይቍጠር። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ሲወርዱ ግን ሰዓቱ በዓልን አያውቅምና ፖሊስ በእጁ ያሳልፍ። የሹም ትጋት የሚታወቀው ደካማው በደኅና ሲሻገር ነው።