ጤናችን፦ ዳሌ ሲታመም አረማመድ ይለወጣል

በአዲስ ቅዳም ገበያ እያነከሱ የሚሄዱ ሰዎች እናያለን። አንዳንዱ «ጉልበቴን ነው የሚያመኝ» ይላል። ነገር ግን የዳሌ ሕመም ጉልበት ላይም ይሰማል። ስለዚህ ዳሌም መመርመር አለበት።

የጭን አጥንት ራሱ ክብ ነው። ዘነዘና በሙቀጫ ውስጥ እንደሚገባ፣ እሱም በዳሌ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይዞራል። አንድ እግራችንን ስናነሣ የሌላው ዳሌ ጡንቻ መላ ሰውነታችንን ይይዛል። ይህ ጡንቻ ከደከመ ሰውየው ወደታመመው ወገን ዘንበል እያለ ይራመዳል። ሳይታከም ዓመታት ሲያልፉ እግሩ ሊያጥር ይችላል። ወገቡም ጉልበቱም ይታመማሉ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? እርግማን አይደለም። አንዳንዱ ሲወለድ ጀምሮ ዳሌው በቦታው አልተቀመጠም። የአንዳንዱን ዳሌ በልጅነቱ ቲቢ ጎድቶታል። አዊ የፈረስ አገር ነውና ከፈረስ ወድቆ ዳሌው የወለቀም ይኖራል።

የወለቀ ዳሌ በ6 ሰዓት ውስጥ ወደ ቦታው ቢመለስ ይሻላል። ሲዘገይ የአጥንቱ ራስ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የወደቀውን ሰው አናሸው፣ አንጎትተው። በቃሬዛ ተሸክመን ቶሎ ወደ ሕክምና እናድርሰው።

ሕፃንን በአንቀልባ ማዘል ጥሩ ልማድ ነው። እግሮቹ ተከፍተው ስለሚታዘል ዳሌው ይጸናል። እግሮቹን ዘርግቶ አጥብቆ መጠቅለል ግን ይጎዳል። ልጅ ትኩሳት ይዞት አልረግጥም ካለ በዚያው ቀን ይታከም።

ብዙ ዘመን ያነከሱ ትልልቅ ሰዎችስ? «አለፈብኝ» አይበሉ። በራጅ ይታዩ። ቲቢ ከሆነ መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል። በጣም የተበላን ዳሌ በሰው ሠራሽ የሚተኩ ሐኪሞች በአዲስ አበባ አሉ።

እስከዚያው ዱላ ይያዙ። አባባ፣ እማማ፣ በየትኛው እጅ ነው የሚይዙት? ቀኝ ዳሌዎን ካመመዎ በግራ እጅ ይያዙ። የታመመው እግር ሲረግጥ ዱላውም አብሮ ይርገጥ። ያን ጊዜ የዳሌው ሸክም ይቀልለታል። የእንጨትና የውኃ ሸክሙን ደግሞ ጤነኞቹ እንቀበል። ሰውን «አንካሳ» ብለን አንጥራ፤ በስሙ እንጥራው።

ጥያቄዎች
1. ግራ ዳሌው የታመመ ሰው ዱላውን በየትኛው እጅ ይይዛል?
2. ከፈረስ የወደቀን ሰው ለምን አናሸውም?
3. አንቀልባ ለሕፃን ዳሌ ምን ይጠቅማል?