የቤት አያያዝ፤ ቻንጓ የተባለው የእንቍላል ሾርባ

በመንግሥት ሥራ ምክንያት ከአገር ወደ አገር የሚዛወር ሰው ሁለት ነገር ይቸግረዋል፤ አንደኛው የአገሩ ቋንቋ፣ ሁለተኛው ምግብ ነው። ባለቤቱ በሕመም ተኝታ ልጆቹ ቍርስ ሲጠብቁ፣ «ማጀት የሴት ነው» እያለ የኖረ ሹም ምን ያደርጋል? ስለዚህ ማንም ሰው በሩብ ሰዓት ሊያዘጋጀው የሚችለውን ምግብ ዛሬ እናቀርባለን።

ቻንጓ በደቡብ አሜሪካ በኰሎምቢያ፣ ይልቁንም ቦያካና ኩንዲናማርካ በሚባሉት ደጋማ ክፍለ አገሮች ለቍርስ የሚቀርብ ሾርባ ነው። ዋና ከተማዪቱ ቦጎታ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት ጧቷ ብርድ ነው፤ ሰዎቿም ብርዱን ከሚያስታግሱባቸው ምግቦች አንዱ ይህ ነው።

ለሁለት ሰው የሚያስፈልገው ሁለት ብርጭቆ ወተት፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ ሁለት እንቍላል፣ ሁለት እርጥብ ሽንኩርት ከነቅጠሉ፣ ጥቂት የድንብላል ቅጠል፣ ጨውና ከትናንት የተረፈ ደረቅ ዳቦ ነው።

አስቀድሞ ወተቱንና ውሃውን ቀላቅሎ፣ የሽንኩርቱን ነጭ ክፍል ከትፎ ጨምሮና ጨው አድርጎ መጣድ ነው። የምግቡ ምሥጢር ያለው ከዚህ በኋላ በእሳቱ አያያዝ ላይ ነው። አማርኛ ለሙቀት ደረጃ መልካም ቃላት አሉት፤ ለብ አለ፣ ሞቀ፣ ፈላ፣ ገነፈለ እንላለን። ሾርባው መፍላት ሲጀምር እሳቱን መቀነስ ይገባል፤ ዝም ብለው የተዉት እንደ ሆነ ይገነፍልና ወተቱ ለምድጃው ይቀራል። ኀይለኛ ፍላትም እንቍላሉን ይበታትነዋል።

እሳቱ ከበረደ በኋላ እንቍላሎቹን አንድ በአንድ በሲኒ ሰብሮ፣ ሲኒውን ወደ ሾርባው አስጠግቶ በዝግታ ማንሸራተት ነው። ማማሰል አያስፈልግም። በሦስት ወይም በአራት ደቂቃ ነጩ ይረጋል፤ አስኳሉ ግን ለስላሳ ይሆናል። ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለሽማግሌና ለሕመምተኛ የሚቀርብ ከሆነ ግን አስኳሉ ጨርሶ እስኪረጋ ድረስ መጠበቅ ግዴታ ነው፤ ያልበሰለ እንቍላል በሽታ ሊያመጣ ይችላልና።

ደረቁን ዳቦ ቈርሶ በጎድጓዳ ሳሕን ማስቀመጥ፣ ሾርባውን ማፍሰስ፣ እንቍላሉን በላዩ አድርጎ የድንብላሉንና የሽንኩርቱን ቅጠል መነስነስ ነው። ኰሎምቢያውያን ለዚህ ካላዶ የሚባል ደረቅ ዳቦ አላቸው፤ እኛም ለመጣል ያሰብነው ዳቦ በዚህ አኳኋን ይጠቅመናል።

ወተትና እንቍላል ያለበት ስለ ሆነ ለጾመኛ የፍስክ ቀን ምግብ ነው። ለተኛችው ባለቤቱ ይህን ሳሕን በእጁ ይዞ የሚገባ ሹም ከክብሩ የሚጐድልበት ነገር የለም፤ ልጆቹም አይተው ይማሩበታል። በሉ እንግዲህ ሞክሩት፤ መልካም ቍርስ እንመኝላችኋለን።