ስለ ዘማች ኮዳና ስለ ሸራ አልጋ

ወደ ነገሌ ቦረና በሄድንበት ጊዜ ያረፍንበት ቤት እመቤት የእጅ መታጠቢያ ውኃ ያቀረቡልን በማንቆርቆሪያ ሳይሆን በአሮጌ የወታደር ኮዳ ነበር። ኮዳው ከአሉሚኒየም የተሠራ ሲሆን፥ በላዩ የለበሰው አረንጓዴ ግራጫ የሱፍ ጨርቅ እኩሌታው በብል ተበልቷል። ከየት እንዳገኙት ብንጠይቃቸው «አባቴ ያመጣው ነው፤ ከወዴት እንዳመጣው ግን ሳንጠይቀው ሞተ» ሲሉ መለሱልን። የዛሬውን ጽሑፋችንን ያስነሣው ይኸው መልስ ነው።

የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን እንደምታውቁት፥ የነገሌን ስም ከጦርነት ለይቶ ማንሣት ያስቸግራል። በ1928 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር፥ በመልካ ዲዳ ሰፍሮ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል ድንኳን በአይሮፕላን ቦምብ ተደብድቦ፥ ሐኪሙ ዶክተር ሂላንደር ሲቈስሉ ሉንድስትረም የተባሉት ባልደረባቸው ሞቱ። በጥር ወር ደግሞ የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር በገናሌ ዶሪያ ከጄኔራል ግራዚያኒ ጦር ጋር ገጠመ። ጠላት ወንዙን ይዞ ስለ ነበር፥ ሠራዊታችንን የጐዳው የውኃ ጥም ከጥይቱና ከቦምቡ የሚያንስ አልነበረም። በጥምቀት ሰሞን ነገሌ ተያዘች፤ ግራዚያኒም በኋላ በዚህችው ከተማ ስም «የነገሌ ማርኬዝ» ተባለ። ራስ ደስታ ግን አርበኝነታቸውን ሳይተዉ እስከ የካቲት 1929 ዓ.ም. ቆይተው፥ ተይዘው ተገደሉ። እንግዲህ በዚያ ዘመቻ አንድ ኮዳ ምን ያህል ዋጋ እንደ ነበረው አንባቢ ይመዝነው።

ከአምስት ዓመት በኋላ ጦርነቱ በዚያው ምድር ተመልሶ መጣ። የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች በየካቲት 1933 ዓ.ም. ሜጋን ያዙ፤ የዛሬዋ ጋና፥ የያኔዋ ጎልድ ኮስት ልጆችም እስከ ግንቦት ድረስ በዋደራ ጫካ ተዋጉ። በነገሌ፥ በሜጋ፥ በሞያሌና በያቤሎ በየቤቱ የሚገኘው የሸራ ቀበቶ፥ የጥይት ዝናር፥ የድንኳን ካስማና የምግብ ቆርቆሮ የአንድ ጦር ብቻ ያልሆነው ስለዚህ ነው።

ዕቃውን ለይቶ ለማወቅ ብዙ ሊቅነት አያሻም። የኢጣልያው ኮዳ አሉሚኒየም ነው፤ የእንግሊዙ ግን ኤናሜል የተቀባ ብረት ስለ ሆነ ሲያነሡት ይከብዳል። ሁለቱም ጨርቅ የለበሱት ለጌጥ አይደለም፤ ጨርቁ ሲርስ ነፋስ እየነካው ውስጡን ያቀዘቅዘዋልና። በእንግሊዝ ጦር ሸራ ላይ የቀስት ምልክትና የተሠራበት ዓመት ታትሞ ይገኛል። ቀስቱ «ዩ» በሚባለው የላቲን ፊደል ውስጥ ከገባ ዕቃው የደቡብ አፍሪካ ነው። በሜጋ እንዲህ ያለ ምልክት ያየ ሰው ሳያውቀው አንድ የታሪክ ገጽ በእጁ ይዟል ማለት ነው።

ሰብሳቢዎች ከሚሹት ዕቃ አንዱ፥ በሁለት ዛፍ መካከል በገመድ የሚወጠረው የጫካ ተንጠልጣይ አልጋ ነው። ከላይ ዝናብ የማያስገባ ጣሪያ፥ በዙሪያው አጎበር፥ በጐኑም ዚፕ አለው። ለወባ ቈላ የተመቸ ብልኀት ነው፤ ግራርም በቦረና አይታጣም። ነገር ግን ይህን አልጋ የአሜሪካ ጦር ያወጣው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ነውና፥ ነጋዴው «ከራስ ደስታ ጦር የተረፈ» ብሎ ቢምል ዓመቱ ራሱ ያጋልጠዋል።

እኛም ብንሆን ከበደል ነፃ አይደለንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዘመዳችን ያወረሱንን ኮዳ እናሳምር ብለን በአመድና በሎሚ ፈትገን እንደ መስተዋት አበራነው። በኋላ አንድ ሽማግሌ አይተው «በምስማር የተጫረው ስምሳ?» ቢሉን የምንመልሰው አጣን። ሥራችን በፍርድ ቤት የጽሕፈት ክፍል ነው፤ ቁጥርና ስም ያልታሰረበት ኤግዚቢት ለዳኛው ምንም እንደማያስረዳ በየቀኑ እናያለን፤ በቤታችን ግን ይህንኑ ዘነጋነው።

ስለዚህ ሣጥን የምትከፍቱ ወይዛዝርትና መኳንንት፥ ከማጠባችሁ በፊት ጻፉ። ማን አመጣው? ከየት? ይህንን የነገራችሁስ ማን ነው? አቧራውን በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይበቃል። በቈላ ሙቀት ሸራ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ይሻግታል፤ በነጠላ ወይም በአቡጀዲ ጠቅልሎ ማስቀመጥና አልፎ አልፎ በጥላ ማናፈስ ይሻላል። ያልፈነዳ የሚመስል ነገር ከተገኘ ግን ማንም አይንካው፤ ልጆችን አርቆ ለፖሊስ ማስታወቅ ነው። ጠመንጃውም ቢሆን የአያት ነው ተብሎ ያለ ፈቃድ አይያዝም፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ቅርስንም ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት የተከለከለ መሆኑን ለገበያ የሚቸኩሉ ያስቡበት።

ወደ ነገሌዋ እመቤት እንመለስ። በማግስቱ ክብረ መንግሥት ወዳሉት የአጐታቸው ልጅ ስልክ ደወሉ። እኒህ ሽማግሌ ነገሩን ከእመቤቲቱ አባት አፍ ሰምተውት ኖሮ፥ «ኮዳውን በውጊያ የማረከው ነው። ከገናሌ ሲመለሱ ለሦስት ተካፍለው ጠጡበት፤ ሁለቱ ዋደራ ሳይደርሱ ቀሩ» አሉ። ቃላቸውን እንዳለ ጽፈን፥ ዕለቱን ጨምረን፥ ወረቀቱን በክር ከኮዳው አንገት ላይ አሰርንላቸው። በዚያን ቀን ማታ የእጅ ውኃ የቀረበልን በማንቆርቆሪያ ነበር።