ሁለት ቀን በመርከብ፤ ጊዜ ማባከን ነውን?

በደብረ ታቦር ከተማ አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ የዕረፍት ጊዜውን የት ሊያሳልፍ እንዳሰበ ብጠይቀው፣ «ባሕር ዳር ወርጄ፣ ጎንደርን አይቼ እመለሳለሁ» አለኝ። «ታዲያ ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ በመርከብ ለምን አትሄድም?» ብለው ሣቀና፣ «ጋሼ፣ በመኪና ግማሽ ቀን የማይፈጀውን መንገድ ሁለት ቀን ሙሉ በውሃ ላይ? ይህማ ጊዜ ማባከን ነው» ሲል መለሰልኝ። መልሱ የብዙ ወጣቶች መልስ ስለሆነ እስቲ ዛሬ አብረን እንመርምረው።

የጣና መርከብ ለብዙ ዓመታት በሳምንት አንድ ጊዜ፣ እሑድ ማለዳ፣ ከባሕር ዳር ሲነሣ የኖረ ነው። መጀመሪያ የቡና አገር የሆነችውን ዘጌን ይነካል። ቀጥሎ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ወደሚገኝበት ወደ ደቅ ደሴት ይሻገራል። ሲመሽ በሐይቁ ምዕራብ ዳር በምትገኘው በኮንዝላ ያድራል፤ ተሳፋሪውም ወርዶ እራቱን በልቶ፣ ማደሪያ ፈልጎ ይተኛል። በማግስቱ ደልጊን አልፎ ጎርጎራ ይገባል። ይህ ጉዞ ለጎብኚ መዝናኛ ተብሎ የተፈጠረ አይደለም። መኪና በማይደርስበት ዳርቻ ለሚኖር ሕዝብ አውቶቡሱ መርከቡ ነው። ስለዚህ በየወደቡ ይቆማል፤ እህል ይጫናል፣ ሸቀጥ ይወርዳል፣ ዘመድ ይሸኛል። የሚዘገየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ከዚህ መዘግየት ምን ይገኛል ቢባል፣ አንደኛው ትርፍ ሰውን ማወቅ ነው። በመሥሪያ ቤታችን ባለጉዳዩ ቆሞ፣ እኛ ተቀምጠን፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ «ነገ ተመለስ» ብለን እናሰናብተዋለን። በመርከቡ ላይ ግን ያው ባላገር ከእኛ ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ሁለት ቀን ጎን ለጎን የተቀመጠ ሰው የልቡን ይናገራል፤ ስለ ማዳበሪያው ዋጋ፣ ስለ መሬቱ ክርክር፣ ልጁን ለማስተማር ስለ ከፈለው መሥዋዕትነት ያወጋል። ይህን የሰማ ወጣት ሹም ሰኞም ይሁን ማክሰኞ ወደ ወንበሩ ሲመለስ «ነገ ተመለስ» ማለት ትንሽ ይከብደዋል።

ሁለተኛው ትርፍ ለደብረ ታቦርና ለደቡብ ጎንደር ደጋ ልጆች የተለየ ነው። መርከቡ የሚንሳፈፍበት ውሃ ከእኛው አገር የወረደ ነውና። ርብና ጉማራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከጉና ተራራ ተነሥተው የፎገራን ሜዳ እያጠጡ ጣና ይገባሉ። ነገር ግን ብቻቸውን አይገቡም፤ በክረምት ከተራቆተው ዳገት የታጠበውን አፈር ተሸክመው ነው። ጣና ደግሞ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ እጅግ በጠለቀበት ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ተስፋፍቶ ዓሣ አጥማጁን መረቡን፣ ከብት አርቢውን የግጦሹን ዳር ነስቶታል። ይህን አረም የሚያፋፋው ከየማሳው ታጥቦ የሚገባው ለም አፈርና ማዳበሪያ ነው። በደብረ ታቦር ቢሮ ተቀምጦ ስለ እርከንና ስለ ዛፍ ተከላ ሪፖርት የሚጽፍ ወጣት፣ ያ አፈር የት እንደ ደረሰ በዓይኑ ካላየ ሪፖርቱ ከወረቀት አያልፍም።

ከወረቀት የሚመነጭ ውሳኔ እስከ መርከቡ ድረስ እንደሚዘልቅ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ውሃውን የሚመጥን ግድብ ተሠራ፤ በ1993 ዓ.ም. ገደማም ሁለተኛው የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። መብራት ያስፈልጋል፤ ይህን የሚክድ የለም። ይሁንና ለማመንጫው ብዙ ውሃ እየተለቀቀ ሳለ ዝናብ አነሰና፣ በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ እጅግ ከመጉደሉ የተነሣ መርከቦቹ አራት ወር ያህል ቆሙ። በኮንዝላ ወይም በደልጊ እህሉን ይዞ የሚጠባበቀው ሰው በዚያ ውሳኔ ላይ አልተጠየቀም። ከወሳኞቹ መካከል አንዱ በዚያ መርከብ አንድ ሌሊት ያደረ ቢሆን ኖሮ፣ «መርከቡስ?» የሚል ጥያቄ ቢያንስ በስብሰባው ላይ ባልታጣ ነበር።

በእርግጥ፣ «ለዚህ ሁሉ በመኪና ሄዶ ማየት አይቻልምን?» የሚል ይኖራል። ማየትስ ይቻላል። ነገር ግን የመኪና ተጓዥ ሐይቁን በመስኮት አይቶ ያልፋል፤ ማንም ቀርቦ አያነጋግረውም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በችኮላ የተወሰነው ነገር ኋላ የሚያስከፍለው ጊዜ ከሁለት ቀን እጅግ ይበልጣል። ደግሞም ጉዞው በመንግሥት አበል ይሁን አላልሁም፤ ከራስ ኪስ፣ በራስ የዕረፍት ቀን ይሁን። ባለፉት ዓመታት የአገሩ ሰላም ስለ ታወከም፣ ተጓዡ መንገዱ ደኅና መሆኑንና መርከቡ መነሣቱን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል። የጉና ልጅም የገዛ ወንዙ የት እንደሚያድር ሳያውቅ ቢቀር የባሰ ጥማት ነው። ያ ወጣት ወዳጄ አሁንም አልተረታልኝም፤ «እስቲ አስብበታለሁ» ብቻ ብሎኛል። እኔም በበኩሌ አንድ ነገር እለምነዋለሁ፤ ሄዶ ሲመለስ ሁለቱን ቀኖች ይቁጠራቸውና፣ ጠፍተው ከሆነ ይውቀሰኝ።